የአጎዛው ጦጣ

ነገሩ የነካን አምስት ሰዎች ነን። አባቴ ኦቦ ዲንሳ፣ ባኮ አጠገብ ወንዝ ዳር የሰው መሬት በእኩል የሚያርስ ገበሬ። አዴ ጫልቱ፣ ባላቸው የሞቱባቸው ጎረቤታችን፤ ሰባት በጎች ነበሯቸው። ጋሽ ወልዴ፣ አስፋልቱ ዳር ብቻቸውን የሚኖሩ የመንገድ ሥራ ጡረተኛ። ኦቦ ነጋሳ፣ ሰው ሲጣላ የሚሸመግሉ ትልቅ ሰው። አምስተኛው እኔ ነኝ፣ ለሚ፤ ያኔ አሥር ዓመቴ ነበር። ከሰው ሌላ ሁለት ውሾች አሉ። የኛው ከአፍንጫው እስከ ጭራው ጥቁር ስለነበረ በኦሮምኛ ጉራቻ አልነው። የጋሽ ወልዴ ውሻ ሻምበል ይባላል። እናቴ አራስ ስለነበረች ከቤት አትወጣም፤ ከገንፎዋ በቀር በዚህ ነገር ውስጥ የለችበትም።

ይህን የምጽፈው ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ስላስለቀስኩት ነው። አምቦ ካለችው የሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ ወደ ቤት ስገባ፣ ለበዓል ካረድነው በግ ቆዳ ላይ ቁራጭ ቆርጦ፣ በሲባጎ አስሮ፣ ቡችላውን ከኋላው እያስሮጠ ግቢውን ይዞራል። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ቆዳው ረጥቧል። የእርጥብ በግ ፀጉር ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ምን እንደማደርግ ሳላስብ ከእጁ ነጥቄ ከአጥሩ ወዲያ ወረወርኩት።

«ምን አጠፋሁ አባዬ?» አለኝ።

እኔ ልጆቼን ምክንያቱን ሳልነግር አልቀጣም። ይህን ደንቤ አድርጌ ይዤዋለሁ። ያን ቀን ግን የምነግረው አጣሁና ወደ ክፍሌ ገባሁ።

ያ ክረምት ደርግ በወደቀ በሁለተኛው ዓመት ነው። አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሻሻለ የበቆሎ ዘር ዘራ። በቆሎው ከሰው ቁመት አለፈ፤ ውስጡ ሲገቡ ይጨልም ነበር። ከማሳው ግርጌ ወንዙ፣ በወንዙ ዳር ትልልቅ ዛፎች፣ በዛፎቹ ላይ ጦጣዎች። እሸቱ ወተት መያዝ ሲጀምር ከማንም ቀድመው የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጥበቃው የኔ ሥራ ሆነ። አባቴ በአራት እንጨት ላይ ማማ ሠራልኝ፤ ወንጭፍና ባዶ የዘይት ጣሳ ሰጠኝ። ጣሳውን እመታለሁ፣ እጮሃለሁ፣ ድንጋይ እወነጭፋለሁ። በመጀመሪያው ሳምንት ፈሩኝ። በሁለተኛው ሳምንት ድንጋዬ የት ድረስ እንደሚደርስ ለክተው፣ ከዚያ አንድ እርምጃ ወዲያ ይቀመጡ ጀመር። አንድ ትልቅ ወንድ ጦጣ እሸቱን እየሸለቀቀ ፊት ለፊት ያየኝ ነበር። እሱ በልቡ እየሰደበኝ እንደሆነ አምን ነበር፤ እኔም በአፌ እመልስለታለሁ።

ትምህርት ቤት በመስከረም ይከፈታል። አባቴ ስለዚህ ጉዳይ የተናገረው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። «በቆሎው ከተረፈ ትመዘገባለህ። ጦጣ ከበላው ግን ዓመቱን ማማው ላይ ነህ።» አባቴ የተናገረውን አይደግምም፣ መልሶም አያጥፍም። መስከረም ሲመጣ ግን እሸቱ ገና ማሳው ላይ ነው። ጠዋት ጠዋት ክፍል ውስጥ ስቀመጥ በኔ ቦታ የሚቆም ያስፈልገኝ ነበር።

የነበረን ጉራቻ ነው። ያኔ ስምንት ወር ቢሆነው ነው። ቅጠል ንፋስ ሲወስደው ይሮጣል፣ ዶሮ ስትሮጥ ይሮጣል፣ ምንም ከጠፋ የገዛ ጭራውን ያሳድዳል። የተቀመጠ ጦጣ ሲያይ ግን ጭራውን ይወዘውዛል። ይህ እኔን ያናድደኝ ነበር። አስብ አስብና አንድ ነገር ላይ ደረስኩ። ጦጣ ፀጉር አለው፤ ስለዚህ ውሻው ፀጉር ያለውን ነገር ማሳደድ መማር አለበት።

አባቴ የሚተኛበት አሮጌ የበግ አጎዛ ነበር። ከግድግዳው ጥግ ያለውን ጠርዙን በቢላ ቆረጥኩ፣ በወስፌ ሰፋሁት፣ ደረቅ ሣር ሞላሁበት፣ ጭራ እንዲሆነው ገመድ ቀጠልኩለት። ዓይን እንዲሆኑትም ሁለት የሸሚዝ ቁልፍ ሰፋሁበት። ለኔ ጦጣ ነበር። ጠዋትና ማታ እየጎተትኩት እሮጣለሁ፤ ጉራቻ ከኋላዬ ይከተላል። «ቀቢ!» እለዋለሁ፣ ያዝ ማለት ነው። ሲይዘው አናቱን እዳብሰዋለሁ፣ ከቂጣዬ እቆርስለታለሁ። ዝናብ በሚጥልበት ቀን አጎዛው ይከረፋል፤ ውሻው ያን ቀን ከሌላው ቀን ይበልጥ ይበረታል። ለምን እንደሚበረታ አልጠየቅኩም።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ትልቁ ጦጣ እሸት ይዞ ሲወርድ «ቀቢ!» አልኩ። ጦጣው ደንግጦ ሮጠ። ጉራቻ እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ወጣ። ጦጣው ዛፉ ላይ ሲወጣ የጭራው ጫፍ ከውሻው አፍ ያመለጠው በአንድ ጣት ነው። ከዚያ ቀን በኋላ መንጋው ከወንዙ ዳር መራቅ አልደፈረም። አባቴ በበቆሎው መሐል ቆሞ አይቶ ኖሯል። «ጥሩ ነው» አለ። ስለኔ ሥራ ይህን ቃል ከአፉ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ማሳደድን ለውሻ ያስተማርኩት እኔ መስሎኝ ሦስት ቀን ያህል በኩራት ተራመድኩ።

ከሰዓት በኋላ አባቴ ማሳው ላይ ሲሆን ጋሽ ወልዴ ቤት እሄዳለሁ። ትምህርት ቤታችን በቁቤ፣ በላቲኑ የኦሮምኛ ፊደል፣ ማስተማር የጀመረበት ጊዜ ስለነበር፣ የአማርኛ ፊደል የተማርኩት ከጋሽ ወልዴ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ከላይ እስከ ታች በአሮጌ ጋዜጣ ተለጥፏል። እሳቸው መደባቸው ላይ ተቀምጠው በከዘራቸው ቃሉን ይነካሉ፤ እኔ አነባለሁ። አንዳንዱ ገጽ ተገልብጦ የተለጠፈ ስለነበር አንገቴን ዘቅዝቄ ማንበብ ነበረብኝ። ለረጅም ጊዜ ከበድ ያለው ትምህርት እንዲህ ተገልብጦ የሚጻፍ ይመስለኝ ነበር።

ሻምበል ሁልጊዜ ደጃፉ ላይ ተኝቷል። ፊቱ ሸብቷል፣ የኋላ እግሩ አንዱ ይጎተታል። ከባድ መኪና ወደ ነቀምት ሲያልፍ ጆሮውን ያነሳና መልሶ ይጥላል። ሻምበል ያሉበትን ምክንያት ስጠይቃቸው፣ «በዚህ ቤት ሥራ ሳይሠራ የሚበላ እሱ ብቻ ነው፤ ማዕረግ ይገባዋል» አሉኝ።

አንድ ቀን ጉራቻ የአጎዛውን ጦጣ በአፉ ይዞ ተከትሎኝ መጣ። ጋሽ ወልዴ በሁለት ጣታቸው ተቀበሉት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ጦጣ ነው» አልኳቸው።

አሸተቱት። «አንተ ጦጣ ነው ትላለህ። የሱ አፍንጫ ምን ይላል?»

የሚቀልዱ መስሎኝ ሳቅሁ። እሳቸው አልሳቁም። ለአባቴ እንዳሳየው ነገሩኝ። እኔ ግን የተቆረጠውን አጎዛ አስቤ አላሳየሁትም።

በጳጉሜን ውስጥ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ከአዴ ጫልቱ በጎች አንዷ መስኩ ላይ ሞታ ተገኘች። መስኩ በኛ ማሳና በሳቸው ቤት መካከል ነው። አንገቷ ተነክሷል፣ አንድ የኋላ እግሯ ተቀዷል፤ ከሥጋዋ ግን የተበላ የለም። የተሰበሰበው ሰው ጅብ ቢሆን አጥንት አያስቀርም ነበር አለ። ይህ የውሻ ሥራ ነው፤ ያሳደደው ለመብላት አይደለም ተባለ። አዴ ጫልቱ አላለቀሱም። «ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ፣ ስትሮጥ ሰምቻት ነበር። የምትጫወት መስሎኝ» እያሉ ደጋግመው ያንኑ ይናገሩ ነበር።

ማሳው ስደርስ ጉራቻ ማማው ሥር ተኝቷል። ከንፈሩን ገለጥኩ። በጥርሶቹ መሐል ነጭ ፀጉር አለ። ነጭ ጦጣ ይዞ ይሆናል ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ያለ ጦጣ አይቼም ሰምቼም አላውቅም፤ ቢሆንም እንደዚያ አሰብኩ። አንድ በአንድ በጣቴ ለቀምኩት፣ ወንዝ ወስጄ አፉን አጠብኩት። ያን ያደረገ ልጅ አላወቀም ነበር ብዬ ዛሬ ልጽፍ አልችልም።

ኦቦ ነጋሳ ከሁለት ሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ተቀመጡ። አየሁ የሚል ሰው አልነበረም። ስለዚህ ውሾቹ ራሳቸው ይናገሩ ተባለ። መስኩን የሚያዋስኑ አራት ቤቶች፣ የኛና የጋሽ ወልዴም ጭምር፣ ውሾቻቸውን ቅዳሜ ጠዋት ያምጡ፤ ውሾቹ ሳይታሰሩ ከባለቤቶቻቸው አጠገብ ይቀመጡ፤ በጎቹ በፊታቸው ይነዱ። የተነሳው ውሻ እሱ ነው። ባለቤቱ በጓን ይተካል፣ ውሻውንም በገዛ እጁ ያስወግዳል።

የትምህርት ቤት ምዝገባ ከዚያ ቅዳሜ ቀጥሎ ያለው ሰኞ ነበር።

ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ጉራቻን ይዤ ወንዙ ዳር ወረድኩ። ጦጣዎቹን በድንጋይ እያስነሳሁ፣ እሱን «ቀቢ!» እያልኩ፣ ምላሱ እስኪንዘለዘል ድረስ ላይና ታች አስሮጥኩት። ከዚያ ለእናቴ የተሠራውን ቅቤ የጠጣ የአራስ ገንፎ ከነገበቴው ወስጄ አበላሁት። መስኩ ላይ ስንደርስ አባቴ እግር ሥር ተዘረጋና ዓይኑን ከደነ።

የቀሩት ስድስት በጎች ከአንዷ ግልገል ጋር ተነዱ። ቀስ ብለው፣ እየጋጡ ነው የሚያልፉት። ከአራቱ ውሾች አንዳቸውም አልተነቃነቁም። አንዱ አዛጋ። ከማማዬ ላይ ስንት ጊዜ እንዳየሁት፣ ያልሮጠ ነገር ለውሻ እንደ ቁጥቋጦ ነው። ኦቦ ነጋሳ ከዘራቸውን አንስተው ሊናገሩ ሲሉ ግልገሉ ከኋላ ቀርቶ ኖሮ እናቱን አጣት። ጮኸ፤ ከዚያም ሮጠ።

ሻምበል ተነሳ። ያ ፊቱ የሸበተ፣ ለመኪና እንኳ የማይነሳ ውሻ፣ አንድ እግሩን እየጎተተ አሥር እርምጃ ያህል ሮጠ። ጭራው ቀጥ ብሎ ቆሟል። እንደ ቡችላ ነበር። ግልገሉን አልደረሰበትም፤ ደክሞት መሐል ላይ ቆመና ወደ ጋሽ ወልዴ ዞሮ አየ። ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቆመ።

«ውሻው ተናገረ» አሉ ኦቦ ነጋሳ።

ጋሽ ወልዴ ወደኔ አዩ። እንዳሁኑ ዘመን ሰው ጣታቸውን አልቀሰሩም፣ አልተቆጡም፤ አዩኝ ብቻ። የአጎዛውን ጦጣ ሊናገሩ ነው ብዬ ፈራሁ። ፊቴን ወደ ሣሩ ደፋሁ። ሣሩ ላይ አንዲት ጉንዳን ከራሷ የሚበልጥ ዘር ስትጎትት ነበር፤ እሷን እያየሁ ቆየሁ።

«እሺ። የኔ ውሻ ነው» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ገመድ ለምነው ከአንዱ ተቀበሉ። ሻምበል አንገቱን ራሱ አቀረበላቸው። አስፋልቱን ተሻግረው ቁልቁል ሲሄዱ፣ እግሩ ስለሚጎተት፣ እንዳይቸኩልባቸው ቀስ ብለው ነበር የሚራመዱት። የበጓን ምትክ ለመግዛት ለጣሪያቸው ማደሻ ያስቀመጡትን ቆርቆሮ ሸጡ።

ሰኞ ተመዘገብኩ። አባቴ ደብተር ገዛልኝ። ጠዋት እማራለሁ፣ ከሰዓት በኋላ ማማዬ ላይ እወጣለሁ። ጋሽ ወልዴ ቤት ሁለት ጊዜ ሄድኩ። በሩ ክፍት ነው፤ ግባም አትግባም አላሉኝም። በመጨረሻው ዝናብ ጣሪያው አፍስሶ ጋዜጣው ከግድግዳው ተላጦ ወርዶ ነበር። «እስከየት ደርሰህ ነበር?» አሉኝ። የደረስኩበትን ቦታ ፈለግሁት፤ እርጥብ ጭቃ ሆኗል። ሦስተኛ ጊዜ አልሄድኩም።

እኔ ክፍል ውስጥ በምቀመጥባቸው ጠዋቶች ማሳው ላይ የሆነውን ኋላ ነው የተረዳሁት። ጦጣዎቹ መሮጥ ተዉ። ውሻው ሲመጣ ዛፍ ላይ ይቀመጣሉ፣ ሲሰለቸው ይወርዳሉ። ጉራቻ ደግሞ የሚሮጥ ነገር ይፈልጋል። የሚሮጡት፣ የሚያውቀውም ሽታ ያላቸው፣ መስኩ ላይ ነበሩ።

በጥቅምት አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ አባቴ ደጅ ላይ ተቀምጧል። ጉራቻ በአጭር ገመድ ታስሯል። አፉ ነጭና ቀይ ነው። አባቴ ራሱ ነው መስኩ ላይ የያዘው። ሁለት በጎች ሞተዋል፤ ሁለቱም ለመውለድ የደረሱ። ከአባቴ እግር አጠገብ የአጎዛው ጦጣ ተቀምጧል፤ አንድ ዓይኑ ወልቋል።

«ይህን የሠራው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

«መቼ?»

«ሐምሌ።»

የአጎዛውን ጦጣ አነሳ። «የመጀመሪያዋ በግ ስትሞት ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ አባ።»

ይመታኛል ብዬ ጠበቅሁ። አልመታኝም። «ተነስ» አለኝና መጀመሪያ ወደ አዴ ጫልቱ ወሰደኝ። እሱ ከበሩ ውጭ ቆመ፤ ገብቼ ራሴ ተናገርኩ። አዴ ጫልቱ ሰምተው እንደጨረሱ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አደረጉ። «ጥፋተኛው ሞቷል አላችሁኝ» አሉ። «እኔ እኮ ያን አምኜ ነው ጠባቂ ሳላደርግ በጎቼን የለቀቅኳቸው፣ ኢልማ ኮ።» ልጄ ብለው ጠሩኝ። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። ኦቦ ነጋሳ ደግሞ ሲሰሙ ለረጅም ጊዜ ጺማቸውን ያዙና፣ ከእንግዲህ በእንስሳ ጉዳይ እንዳይጠሯቸው አባቴን ለመኑት።

ጋሽ ወልዴ ቤት ስንደርስ መሽቶ ሊጨልም ነበር። ደጃፉ ላይ ሻምበል የሚተኛበት ቦታ መሬቱ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ተናገርኩ። እንዳልጨርስ በእጃቸው አቆሙኝ።

«እኔ እኮ ያን ቀን አውቅ ነበር» አሉ። ይህን የተናገሩት ለአባቴ ነው። «የአጎዛውን ነገር አይቻለሁ። ልጁ ራሱ ይናገር ብዬ ዝም አልኩ። ሰው ይሁን ብዬ። እሱ አሥር ዓመቱ ነው፣ እኔ ሰባ ሊሆነኝ ነው። ልጅ ልፈትን ብዬ ውሻዬን ሰጠሁ።»

እሳቸው ወደኔ ዞሩ። «ማሳደድን አንተ አላስተማርከውም፤ በዚህ አትጨነቅ። የሚሮጥ አይቶ የማይነሳ ውሻ የለም፤ ሻምበልም በዚያ ዕድሜው ተነስቷል። የምን ጠረን እንደሚከተል ያሳየኸው ግን አንተ ነህ። ያሳየ ሰው ደግሞ ይናገራል።»

በማግስቱ ጠዋት አባቴ ገመዱን ለኔ ሰጠኝ። እስከ ማሳው ግርጌ እኔ ያዝኩት፤ ከዚያ አባቴ ሊቀበለኝ ነው። መንገድ ላይ አንድ ጦጣ ከፊታችን አቋርጦ ሮጠ። ጉራቻ ጆሮው ቆመ፣ ገመዱን ሳበ፣ ወደኔ ቀና ብሎ አየ። «ቀቢ» እስክለው ነበር የሚጠብቀው። አባቴ ገመዱን ከእጄ ወሰደና ወደ ቤት እንድመለስ ነገረኝ።

በቆሎውን የሚጠብቅ ስላልነበረ እኔ ወደ ማማው ተመለስኩ፤ ትምህርቱ ያን ዓመት በዚያው ቀረ። አባቴ ለአዴ ጫልቱ አንዲቱን ጊደራችንን ሰጠ። በቆሎው ተሽጦ ከተገኘው ለጋሽ ወልዴ ቆርቆሮ ገዝተን ጣሪያቸውን ከአባቴ ጋር መታንላቸው። ግድግዳውን እኔ መልሼ ጋዜጣ ለጠፍኩ፤ አንዱንም አልገለበጥኩም።

ነገ ጠዋት ልጄን እጠራዋለሁ። ቆዳ መጎተቱ ጥፋት እንዳልነበረ፣ ጥፋቱ ሳልነግረው መቅጣቴ እንደሆነ እነግረዋለሁ። ለቡችላው የጨርቅ ኳስ አብረን እንሠራለን። ቡችላው ደግሞ አንድ ቀን የማይገባውን ነገር ቢያሳድድና ልጄ ቢያይ፣ ይናገር እንደሆነ ከጥግ ቆሜ አልጠብቀውም፤ ቀርቤ እጠይቀዋለሁ።

ሒሳቡ ይህ ነው። ከአዴ ጫልቱ ሦስት በጎችና ገና ያልተወለዱ ግልገሎች። ከጋሽ ወልዴ አንድ ሽማግሌ ውሻና በዝናብ የታጠበ አንድ ግድግዳ፤ ከዚያ ወዲያ ውሻ አላሳደጉም። ከአባቴ ያሳደጋት ጊደር። ከኦቦ ነጋሳ የሽማግሌነት ድፍረታቸው። ከኔ ጉራቻና የአንድ ዓመት ትምህርት። ያን ቅዳሜ፣ ፊቴን ወደ ሣሩ ሳልደፋ ተናግሬ ቢሆን ኖሮ፣ ሁሉም በአንድ በግና በአንድ ውሻ ያልቅ ነበር።